ከገና በኋላ ሦስተኛው ገበያ

ኑ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ። ከሰሉ ገና መያያዙ ነው፤ ጭሱ ሲያልፍ ይሞቃችኋል። አንቺ ያችን በርጩማ ሳቢና ተቀመጪ፤ አንተም እግርህን ሰብስብ፣ ሰው ይለፍበት። የምናኝከው ክዋይ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ፍሬውም ቅጠሉም ኖራውም ተዘጋጅቷል። አፋችሁ ሥራ ሲይዝ ጆሯችሁ ይከፈታል።

ዛሬ ጠዋት ጣሪያውን ሁሉ ውርጭ አልብሶት አይታችሁ የለ? እንዲህ ያለ ጠዋት ባየሁ ቁጥር ባንሪዳና ሻንቦር ትዝ ይሉኛል። ዘፈናቸውን የከተማችን የሺሎንግ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሕፃን ሳይቀር ያንጎራጉረዋል። ሁለቱ እንዴት አንድ ቤት እንደገቡ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እሱም እያረጀ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰባዎቹ ዓመታት ማለቂያ ላይ ነው። የዚያን ዓመት ጃንዋሪ አስራ አምስት እሁድ ዋለ። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን፣ በወጣቶች ጉባኤ፣ አንድ ልማድ ነበር፤ በዕለቱ የተወለደ ሰው ይነሳና መዝሙር ይመርጣል፣ ጉባኤው ቆሞ ይዘምርለታል።

«ዛሬ የተወለደ ይነሳ» አለ መሪው።

ከሴቶቹ ወገን ባንሪዳ ተነሳች። ወፍራም ድምፅ ያላት፣ ስትናደድ አፍንጫዋ የሚቀላ፣ የመውካር ሰፈር ልጅ ናት። ከወንዶቹ ወገን ደግሞ ማንም የማያውቀው ልጅ፣ ሻንቦር፣ ብድግ አለ። ቀጭን ነው፣ ረዥም ነው፤ የአጎቱን ኮት ለብሶ እጅጌው ጣቶቹን ውጦበታል።

«ሁለት ናችሁ?» አለ መሪው ግራ ተጋብቶ። «እንግዲህ ተስማሙና አንድ ምረጡ።»

በመዝሙሩ ቶሎ ተስማሙ። ጠብ ያነሳው አጀማመሩ ነው።

«ከፍ ብሎ ይጀመር» አለ ልጁ።

«ዝቅ ይበል» አለች ባንሪዳ። «ሴቶቹን ልታንቃቸው ነው?»

«ዝቅ ካለ ወንዶቹ ጉድጓድ ሊገቡ ነው።»

«ይግቡ! አዲስ ነገር ነው?»

ጉባኤው ሳቀ። መሪው ትዕግሥቱ አለቀና «በሉ ጀምሩ!» ሲል ሁለቱም እኩል ጀመሩ፤ እሷ በዝቅታው፣ እሱ በከፍታው። ሴቶቹ እሷን፣ ወንዶቹ እሱን ተከተሉ። አምላክ ያን ቀን እንዴት ያለ መዝሙር እንደሰማ እሱ ራሱ ያውቃል።

ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ልደቴን አበላሸህብኝ።»

«የተበላሸው የእኔ ነው» አለ እሱ፣ እጅጌውን ወደ ላይ እየጠቀለለ። «አንቺ ከፈለግሽ ሌላ ቀን ማክበር ትችያለሽ።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። የወጣው ሳቅ ሆነ። እሱም ሲስቅ አየችው፤ ከዚያ ሁለቱም የሚያዩበት ጠፋቸውና መሬት መሬት አዩ።

ይህን ሁሉ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማ የነበረ ባትስኬም የሚባል የሰፈር ልጅ ነበር፤ ጠረጴዛም ይሁን ባልዲ ያገኘውን ሁሉ የሚደበድብ። «እናንተ ሁለታችሁ በአንድ ቤት ከዘፈናችሁ» አለ፣ «እኔ ድራም መግዛቴ ነው።»

ገዛም። አብረው ያቋቋሙትን ባንድም «ውርጭ» አሉት፤ ሁለቱም በውርጭ ወር ስለተወለዱ።

የሚለማመዱት በባንሪዳ እናት ቤት፣ በምድር ቤቱ ክፍል ነው። ድምፁ እንዳይወጣ ግድግዳውን በሙሉ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈኑት። ድምፁ ግን ወጣ። የባንሪዳ አጎት፣ የእናቷ ወንድም ዶንቦክ፣ በአክብሮት ባህ የሚባለው፣ በየጊዜው በደረጃው ብቅ ይላል።

«ልጆች፣ ቤቱ የአያቶቻችን ነው፤ ሲፈርስ የሚወቀሰው እኔ ነኝ።»

«ባህ ዶንቦክ፣ ይቺን ብቻ ጨርሰን ነው» ይላል ባትስኬም።

«ይቺን ከሰኞ ጀምሮ እየጨረሳችኋት ነው!»

ሻንቦር ከከፍታው፣ ድንች ከሚበቅልበት መንደር ነው የመጣው። እናቱ ቴልሲ፣ በአክብሮት ኮንግ ቴልሲ የምትባለው፣ ድንቿን በቅርጫት አዝላ፣ ማንገቻውን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ትልቁ ገበያ በቆመ ቁጥር ወደ ከተማ ትወርዳለች። ሙዚቃ የተማረው በዱይታራ ነው፤ ባለ አራት ክሩን የእንጨት መሣሪያ አጎቱ አስተምሮታል። ኤሌክትሪክ ጊታር ከያዘ በኋላ እንኳ የዱይታራውን መምቻ አልጣለም፤ ከእንጨት የተጠረበች፣ ጫፏ በእጅ ብዛት የለሰለሰች ነች። በእሷ ሲመታው ጊታሩ ደረቅ ማገዶ ሲሰነጠቅ ያለ ድምፅ ያወጣል። ባንሪዳ ቤዝ ትጫወታለች፣ ትዘፍናለችም። እሱ ከላይ ሲሰነጥቅ እሷ ከታች ትሰበስበዋለች።

በሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ አስራ አምስት የሰፈሩን አዳራሽ ተከራይተው ልደታቸውን በሙዚቃ አከበሩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ መብራት ድርግም አለ። ጊታሩ ሞተ፣ ቤዙ ሞተ፣ የቀረው የባትስኬም ድራም ብቻ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ያጉረመርም ነበር። የእኛ ሰው ግን ከሕፃንነቱ አራት ድምፅ ከፍሎ ሲዘምር ነው ያደገው፤ ዘፈኑን ካቆሙበት አነሳው። ሴቶቹ ከላይ፣ ወንዶቹ ከታች፣ አዳራሹ በጨለማ እንደ አንድ ጉሮሮ ሆነ።

ባንሪዳ ጣቶቿ የሞተው ቤዝ ላይ እንዳሉ ቆማ ታዳምጣለች። አንድ እጅ መጥቶ እጇን ያዘ።

«ማነው?» አለች ቀስ ብላ።

«የዛሬው ልጅ።»

እጇን አልወሰደችም። መብራቱ ሲመጣ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ነበሩ። የሁለቱም ጆሮ ግን ቀልቶ ነበር። ባትስኬም አይቶ የድራሙን ሳህን ጭው አደረገው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ እነሱ ብቻ የተደበቁ መስሏቸው ነበር። ከልምምድ በኋላ እስከ ጥዱ ጫካ ጫፍ ትሸኘዋለች፤ ከዚያ እሱ መልሶ እስከ በሯ ይሸኛታል፤ ከዚያ እሷ እንደገና። ባህ ዶንቦክ አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብሎ «አንዳችሁ ተሸነፉና እራት ይቅረብ!» አላቸው።

«ምልክት ነው» ይላት ነበር ሻንቦር። «ይህ ሁሉ ቀን እያለ እኔንም አንቺንም በአንድ ቀን መላክ ምን ይባላል? ቀኑ ነው ያሰረን።»

እሷም አመነችው። አስራ ስምንት ዓመት ሆኗት ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የማያምን?

ባንዱ እያደገ ሄደ። ጓሃቲ ተጫወቱ፣ ኮሂማ ተጫወቱ፣ በኋላም ካልካታ። ካልካታ ላይ ከቦምቤይ የመጣ አንድ ሰው ሰማቸው። ዘፈን በሸክላ የሚያስቀርጽ ሰው ነው። ሻንቦርን ለብቻው ጠርቶ ቦምቤይ መጥቶ እንዲሠራ ጠየቀው።

ሻንቦር ወሬውን ይዞ ወደ ባንሪዳ ከመምጣቱ በፊት፣ ዕለቱን ጠዋት ባንሪዳ ድንች ልትገዛ ትልቁ ገበያ ወጥታ ነበር። ኮንግ ቴልሲ ድንቿን ትልቁን ከትንሹ እየለየች ነው።

«ነይ የእኔ ልጅ። ልደታችሁ ደረሰ አሉ?»

«አዎ ኮንግ፣ ሳምንት ነው። አስራ አምስት።»

ኮንግ ቴልሲ አንድ ድንች እንደያዘች ሳቀች። ስትስቅ ክዋይ ያቀላው ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

«ያ የሜዳ አገር አስተማሪ! ሻንቦርን ትምህርት ቤት ላስገባ ስሄድ ‹መቼ ተወለደ?› አለኝ። ‹የዚያን ዓመት ገና የዋለው በዚህ ገበያ ቀን ነበር፤ ልጄ የተወለደው ከዚያ ወዲያ በሦስተኛው ገበያ ነው› አልኩት። በጣቱ ቆጠረና አስራ አምስት አለ። ገበያችን እንደ እሁድ በሰባተኛው ቀን የሚመለስ መስሎታል! በስምንተኛው እንደሚዞር እሱ በምን ይወቅ? የእኔ ልጅ ግን እዚህ ነው የተወለደው፣ ከዚህ ድንጋይ ጀርባ፤ ድንቹን ውርጭ መትቶት፣ ገዢ ጠፍቶ፣ ምጡ ሲመጣ ሻጮቹ በሻሻቸው ጋርደውኝ።»

ባንሪዳ ከገና፣ ከዲሴምበር ሃያ አምስት ተነስታ በጣቷ ቆጠረች። ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት። ጃንዋሪ አስራ ስምንት ሆነ። ደግማ ቆጠረች፤ ያው አስራ ስምንት።

«ለሻንቦር ነግረሽዋል?» አለች።

«ምን ያደርግለታል? ልጁ እንደሆነ ተወልዷል!»

ድንቿን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። ዳገቱን ስትወጣ ድንቹ ከወትሮው ከበዳት።

ከሰዓት በኋላ ሻንቦር መጣ። ብርድ ልብስ በተሸፈነው ክፍል ውስጥ ቆሞ ስለ ቦምቤይ ነገራት። ሲነግራት ዓይኑ ይበራል፤ ዓይኗን ሲያይ ደግሞ ብርሃኑ ቀስ እያለ ይወርዳል።

«አብረን እንሂድ» አለ።

ባንሪዳ የቤቱ የመጨረሻ ሴት ልጅ ናት። በእኛ ዘንድ ቤቱ የእሷ ነው፤ ቤቱ የእሷ ስለሆነ ደግሞ እሷም የቤቱ ናት። ታላላቅ እህቶቿ አግብተው ወጥተዋል። እናቷ ክረምት በገባ ቁጥር ትንፋሽ ያጥራታል። የመጨረሻዋ ሴት ልጅ አትሄድም፤ ባል ነው ወደ እሷ የሚመጣው። ይህን ለሻንቦር ማስረዳት አያስፈልግም፤ እሱም የእኛው ልጅ ነው።

«አንተ ቅር» ልትለው ፈለገች። አላለችም። እንዲህ የሚሰነጥቅ እጅ ያለውን ሰው ቅርልኝ ማለት ምን ዓይነት ፍቅር ነው ብላ አሰበች።

ከላይ የእናቷ ሳል ይሰማል።

«ስሚኝ» አለ በመጨረሻ። «የትም ብሆን በየዓመቱ ጃንዋሪ አስራ አምስት እዚህ ነኝ። ባቡር ባይኖር በእግሬ እመጣለሁ። ከአንቺ ጋር በአንድ ቀን የፈጠረኝ አምላክ፣ ያን ቀን ሌላ ቦታ እንድውል አልፈጠረኝም።»

እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። «ሻንቦር፣ ያ ቀን እኮ ያንተ አይደለም» ማለት ብቻ ነው። ግን ሰው በአንዲት ክር ታስሮ ሲሄድ፣ ክሯ የበሰበሰች ናት ብሎ የሚነግረው ማነው? ክዋይ አንስታ ጎረሰች፤ ቃሉንም አብራ ዋጠችው።

ሄደ። ደግሞም እንዳለው መጣ።

አንድ ዓመት ትኩሳት ይዞት፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። አንድ ዓመት መንገዱን ናዳ ዘግቶት፣ ጊታሩን አዝሎ ግማሹን በእግሩ መጣ፤ ጫማው ውስጥ የነበረው ጭቃ አንድ ማሳ ድንች ያበቅላል ብሎ ባትስኬም ሳቀበት። ይመጣል፣ አዳራሹ ይሞላል፣ ይጫወታሉ። በማግስቱ ከሰዓት መኪናው ወደ ጓሃቲ ይወርዳል።

ሲገባ ሁልጊዜ ባንሪዳ የክዋዩን ሳጥን ይዛ ትቀርባለች፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው ፍሬውን ከቅጠሉ አዘጋጅታ በእጇ ትሰጠዋለች። ባህ ዶንቦክም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል።

«እንግዳችን መጣ።»

ሻንቦር ይስቃል። ባንሪዳ አትስቅም።

ቦምቤይ ላይ ስሙ ገነነ። ለፊልም ዘፈን የሚቀርጹት ሁሉ እሱን ይጠሩታል፤ በትልልቅ መድረክም ይጫወታል። አንድ ቀን ባንሪዳ ሩዝ እየለቀመች ሳለ ከጎረቤት ራዲዮ የፊልም ዘፈን መጣ፤ መቶ ዋሽንት፣ መቶ ቫዮሊን አለበት፤ በመሀሉ ግን ደረቅ ማገዶ ተሰነጠቀ። ሩዙን አስቀምጣ እስኪያልቅ ድረስ ቆመች።

እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ውርጭን አላፈረሰችም፤ የሻንቦርን ቦታ በሌላ ሰው ሞላች፣ እሱ ሲለቅ በሌላ። የሰፈሩን ሴት ልጆች ሰብስባ ጊታርና ድራም አስተማረች፤ ዛሬ እነዚያ ልጆች የት የት እንደሚጫወቱ ብነግራችሁ ይመሻል። ካልካታ ኑሪና ዝፈኚ ብለዋት ነበር። «ቤት አለኝ» ብላ መለሰችላቸው።

ሰው ግን አፉን አይዘጋም። አንድ ቀን በቧንቧው ተራ አንዲት ጎረቤት «ባንሪዳ፣ ያንቺ ባል እንደ ዓመት በዓል ነው፤ አንዴ መጥቶ ዓመቱን ሙሉ ይናፈቃል» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። «ያንቺ እንደ ዝናብ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እያለ ማንም አይናፍቀውም» አለች ባንሪዳ። ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ቤት ገብታ ግን አለቀሰች።

ሁለቱም ሠላሳዎቹን እያጋመሱ ሲመጡ፣ ባህ ዶንቦክ አንድ ቀን እሳቱ አጠገብ አስቀመጣት። ፀጉሩ ነጥቷል።

«ልጄ፣ እናትሽ ደክማለች። ቤቱ ሰው ይፈልጋል። ሻንቦርን እወደዋለሁ፤ በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው ግን አማች አይባልም።»

«አውቃለሁ አጎቴ።»

«በመጪው ልደታችሁ ጠይቂው። ወይ የቤት ሰው ይሁን፣ ወይ እንግዳነቱም ይብቃው። አንቺም ኑሮሽን ኑሪ።»

ሌሊቱን አሰበችበት። ስትጠይቀው አስቀድማ እውነቱን ልትነግረው ቆረጠች። በሐሰት ቀን ታስሮ የቀረ ሰው፣ ቀረ ይባላል?

ጃንዋሪ ሳይደርስ ግን ኦክቶበር ላይ ኮንግ ቴልሲ ታመመች። ሻንቦር ከቦምቤይ በርሮ መጣ፤ የመጨረሻዎቹን ቀኖች አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ እጇን ይዞ አሳለፈ። ሞተች፤ እንደ አባባላችን አሁን በአምላክ ደጅ ክዋይዋን ትበላለች። በቀብሩ ላይ ባንሪዳ አጠገቡ ቆመች፤ ብዙ አልተነጋገሩም። ሲሄድ ብቻ ለረዥም ጊዜ አያትና «ጃንዋሪ ላይ እንነጋገራለን» አላት። አስተያየቱ እንግዳ ሆነባት።

ጃንዋሪ አስራ አምስት ሆነ። አዳራሹ ሞላ። ሻንቦር የለም።

ባትስኬም አሁን ወፍሯል፣ ሱቅም አለው፤ በየቀኑ ግን ቀስተኞች ዒላማ በሚመቱት ብዛት ላይ፣ በሕልሙ ባገኘው ቁጥር የውርርድ ትኬት ይቆርጣል። «ይመጣል» አለ ከድራሙ ጀርባ ሆኖ። «ሌሊት ባቡር በሕልሜ አይቻለሁ።»

«ሕልምህ ስንቴ ወጥቶልህ ያውቃል?»

«አንዴ! ያውም ሳልቆርጥ የቀረሁ ዕለት።»

ጠበቁ። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ባንሪዳ ቤዟን አንግታ ብቻዋን ወጣች።

«ኮንግ ባንሪዳ፣ መንታሽ የት አለ?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«ዛሬ የተወለድኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለች።

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን በሕይወቷ እንደዚያን ቀን እውነት ተናግራ አታውቅም። እናቱ ነግራዋለች፤ ክሯ ተበጥሳለች፤ እሱም ነፃ ወጥቷል። ይህን እያሰበች ዘፈነች። ሻንቦር በሚሰነጥቅበት ቦታ ላይ ማንም እንዳይጫወት ከለከለች፤ ቦታው ባዶውን አለፈ።

በማግስቱ ስልክ አልተደወለም። ከዚያም በማግስቱ። በሦስተኛው ቀን ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ከግድግዳው ላይ ብርድ ልብሶቹን ማውረድ ጀመረች። በስተጀርባቸው ግድግዳው ነጭ ሆኖ፣ እንደ አዲስ ሆኖ ቆይቷል። የመጨረሻውን አውጥታ ግቢ ውስጥ ስታራግፍ፣ ፀሐይ ወጥቶ ውርጩ ከጣሪያው ይንጠባጠብ ነበር። ከዳገቱ በታች አንድ ሰው ቅርጫት አዝሎ፣ ማንገቻውን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። ድንች ሻጭ መሰላት።

ከቅርጫቱ አፍ የጊታር አንገት ብቅ ብሎ ነበር።

ብርድ ልብሱ ከእጇ ወደቀ።

ሻንቦር በሩ ላይ ደርሶ ቅርጫቱን አወረደ። የእናቱ ቅርጫት ነው። ጊታሩ፣ ልብሱ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ አንድ ድስት ሳይቀር ውስጡ ታጭቋል። ግንባሩ ላይ ማንገቻው መስመር አውጥቶበታል።

«ዘገየህ» አለች። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

«አልዘገየሁም። ልደቴ ዛሬ ነው።»

ከጣሪያው ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«ነገረችህ» አለች።

«ነገረችኝ።»

«እኔም እኮ አውቅ ነበር» አለች። «ቦምቤይ ሳትሄድ ጀምሮ። ብነግርህ የማትመጣ መሰለኝ። ይኸን ሁሉ ዓመት በውሸት አመላለስኩህ።»

«ይህንንም ነግራኛለች።»

«ምኑን?»

«ገበያ ላይ ፊትሽ ሲለወጥ አይታለች። ‹ልጅቷ ቆጠረች፣ ገባት፣ ደነገጠች። እኔም ከዚያ ወዲህ አፌን ያዝኩ፤ ክሩን እኔ እንዳልበጥስባት ብዬ› አለችኝ። የሞተች ቀን ጠዋት ነው የነገረችኝ። ‹አሁን ሂድና ራስህ ቋጨው› አለች።»

ባንሪዳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ደግሞ ከእጆቿ መሀል ቁጣዋ ብቅ አለ፤ አፍንጫዋ ቀልቶ።

«ታዲያ አስራ አምስት ለምን አልመጣህም? ሦስት ቀን ሙሉ ገድለኸኝ!»

«ይቅርታ። ብመጣ፣ እንደ ወትሮው የመመለሻ ትኬት በኪሴ ያለ ይመስልሽ ነበር። አስራ አምስት ያንቺ ቀን ነው ባንሪዳ። በሰው ቀን የመጣ ሰው እንግዳ ነው፤ መሄዱ አይቀርም። አንዴ እንኳ በራሴ ቀን ልምጣ ብዬ ነው።»

«ቦምቤይስ?»

«ቦምቤይ የት ይሄዳል? እስከ ዛሬ ከዚያ ወደዚህ እመጣ ነበር። ከእንግዲህ ከዚህ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ ሥራዬን ሠርቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።» ወደ ዳገቱ ዞር አለ። «አጎቴም ከኋላዬ ነው፤ ዘራችሁን ከዘራችን ሊያጣራ፣ በሥርዓቱ ሊጠይቅ። ዳገቱ አሸንፎት ሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ እስኪደርስ እንኳ አስገቢኝ።»

ባህ ዶንቦክ ጫጫታውን ሰምቶ በረንዳው ላይ ወጥቶ ነበር። ቅርጫቱን አየ፣ ጊታሩን አየ፣ ድስቱን አየ።

«ምንድነው የመጣልን?» አለ። «ድንች ነው ወይስ አማች?»

«እንደ ገዢው ነው ባህ» አለ ሻንቦር።

ገቡ። እናቷ ከእሳቱ አጠገብ ሆና ቀና አለች። ባንሪዳ እንደ ልማዷ የክዋዩን ሳጥን አነሳች፤ ፍሬውን ከቅጠሉ ልታዘጋጅለት ስትል፣ ባህ ዶንቦክ በከዘራው ጫፍ ቀስ ብሎ እጇን ነካት።

«ተዪው» አለ። «ሳጥኑን አስቀምጪው።»

አስቀመጠችው። ሻንቦር ሽማግሌውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ማንም ሳይሰጠው ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደ፤ ቅጠሉን አወጣ፣ ኖራውን ቀባ፣ ፍሬውን ጠቀለለና ጎረሰ። እንደ ቤት ልጅ።

ባህ ዶንቦክ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቀን በኋላ «እንግዳችን» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም።

ይኸው ነው። አዳራሹ ዛሬም በጃንዋሪ አስራ አምስት ይሞላል፤ በአስራ ስምንት ደግሞ በዚያው ቤት ድንች ተቀቅሎ ጎረቤት ሁሉ ይበላል። ሁለቱም አርጅተዋል። እሷ አሁንም ዝቅ ይበል ትላለች፣ እሱ አሁንም ከፍ ይበል ይላል።

እናንተ ግን ልጆቼ፣ ዘፈናቸውን ስትሰሙ አንድ ነገር አስቡልኝ። ገበያ ውስጥ፣ ከድንጋይ ጀርባ የወለደችውን፣ ቀኑን አንድም ሳትስት የቆጠረችውን፣ አውቃ ደግሞ ዝም ያለችውን ኮንግ ቴልሲን አስታውሱልኝ። እሷን በዘፈን የሚጠራት የለም። ውርጭ ባያችሁ ጠዋት፣ እናንተ እንኳ ስሟን ጥሯት።